ድሮን በአኩሪ አተር ማሳ ላይ፦ ካርታው የሚነግረንና የማይነግረን

በአሜሪካ መካከለኛ ምዕራብ፣ በተለይ በአይዋና በኢሊኖይ፣ የእርሻ መሬት ከጥንት የተሸነሸነው በካሬ ነው። የአንዱ ካሬ ሩብ 160 ኤከር፣ ማለትም ወደ 65 ሄክታር ይሆናል። ሐምሌ ሲጋመስ የአኩሪ አተሩ ቅጠል ረድፍን ከረድፍ ያገናኛል፤ ቁመቱም ከጉልበት አልፎ ወደ ወገብ ይጠጋል። በዚያ ሰሞን ከመንገድ ዳር የቆመ ሰው የሚያየው የፊተኞቹን ጥቂት ረድፎች ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ወጥ አረንጓዴ ይመስላል። መሃል ማሳው ላይ ውሃ የተኛበት ቦታ ገርጥቶ ቢሆን፣ ወይም አረም ከሰብሉ በላይ አንገቱን አውጥቶ ቢሆን፣ ገበሬው ብዙ ጊዜ የሚደርስበት በአጨዳ ወቅት ኮምባይነሩ ላይ ያለው የምርት መለኪያ ሲያሽቆለቁል ነው። ያኔ ደግሞ ለዚያ ዓመት የሚደረግ ነገር የለም።

ድሮን ወደ እርሻ የገባው በዚህ ክፍተት ነው። ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ማሳውን ከዳር እስከ ዳር ፎቶ አንስቶ ይመለሳል። ሻጮቹም ስለ ፎቶው ጥራት፣ ስለ ካሜራው ብዛት፣ ስለ ካርታው ቀለም ብዙ ይነግሩናል። እኔ ግን የድሮንን ጥቅም የምለካው በሌላ ነገር ነው። በዚያ በረራ ምክንያት ገበሬው ሊያደርገው ያላሰበውን አንድ ነገር አደረገ? ወይስ ሊያደርገው የነበረውን አንድ ነገር ተወ? ለሁለቱም መልሱ «የለም» ከሆነ፣ ካርታው የቱንም ያህል ቢያምር ለእርሻው ያመጣው ነገር የለም። ከዚህ በታች ድሮኑ ሰብሉን እንዴት እንደሚያይ አስቀድሜ አስረዳለሁ፤ ከዚያ ግን አብዛኛውን ቦታ የምሰጠው ለውሳኔዎቹ ነው።

ቅጠልና ብርሃን

ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ የሚታየን ቀዩንና ሰማያዊውን ብርሃን ምግቡን ለማዘጋጀት ስለሚውጠው፣ ከአረንጓዴው ደግሞ የተወሰነውን ስለሚመልሰው ነው። ከቀዩ ቀጥሎ ዓይናችን የማያየው ሌላ ብርሃን አለ፤ ቅርብ ኢንፍራሬድ ይባላል። ተክሉ ይህን ብርሃን ለምግብ ሥራው አይጠቀምበትም። ቅጠሉ ውስጥ ያሉት ሕዋሳትና በመካከላቸው ያለው አየር ግማሽ ያህሉን ወደ ውጭ ይመልሱታል። ተክሉ ሲታመም ወይም ሲራብ ክሎሮፊሉ (አረንጓዴው ቀለሙ) ስለሚቀንስ ቀዩን ብርሃን እንደ ቀድሞው መዋጥ ያቅተዋል። ቅጠሉ ሲሳሳና ሲረግፍ ደግሞ የሚመለሰው ኢንፍራሬድ ይቀንሳል። ሁለቱን ብርሃኖች ለየብቻ የሚለካ ካሜራ ይህን ለውጥ በቁጥር መያዝ ይችላል።

ቁጥሩ ኤንዲቪአይ ይባላል። አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ የመጀመሪያዋ ላንድሳት ሳተላይት እ.ኤ.አ. በ1972 ከመጠቀች በኋላ ተመራማሪዎች በሳተላይት ምስል ላይ የሠሩበት ስሌት ነው። ከኢንፍራሬዱ ላይ ቀዩን ይቀንሱና ለሁለቱ ድምር ያካፍሉታል። ለምሳሌ ጤነኛ ቅጠል ከኢንፍራሬዱ 50 በመቶ፣ ከቀዩ 5 በመቶ ቢመልስ፣ 0.45 ለ0.55 ተካፍሎ 0.82 ገደማ ይመጣል። የተጎዳው ተክል ከኢንፍራሬዱ 35፣ ከቀዩ 10 በመቶ ቢመልስ ውጤቱ ወደ 0.56 ይወርዳል። ባዶ አፈር 25 እና 20 በመቶ ቢመልስ 0.11 ብቻ ነው። ካርታው ላይ ከቀይ እስከ ጥቁር አረንጓዴ የምናየው ቀለም በሙሉ የዚህ ቀላል ስሌት ውጤት ነው።

በዚህ ሥራ በስፋት ከሚታወቁት ድሮኖች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ዲጄአይ ማቪክ 3 መልቲስፔክትራል ነው። ከተለመደው የቀለም ካሜራ ጎን አራት ጠባብ ሌንሶች አሉት፤ አንዱ አረንጓዴውን፣ አንዱ ቀዩን፣ አንዱ ቅርብ ኢንፍራሬዱን፣ አራተኛው ደግሞ በቀዩና በኢንፍራሬዱ መካከል ያለውን የድንበር ብርሃን ይለካል። ይህ የድንበር ብርሃን ለአኩሪ አተር ለምን እንደሚያስፈልግ በኋላ እመለስበታለሁ። ጀርባው ላይ ያለው ሌላ መለኪያ ወደ ላይ ሆኖ የፀሐዩን ብርሃን ይመዘግባል፤ ጠዋት የተነሳውን ምስል በሳምንቱ ከሰዓት በኋላ ከተነሳው ጋር ለማስተያየት ያለ እሱ አይሆንም።

ድሮኑ የሚያነሳው አንድ ትልቅ ፎቶ አይደለም። እየተመላለሰ በመቶዎች የሚቆጠሩ ፎቶዎችን ያነሳል፤ እያንዳንዱ ፎቶ ከጎረቤቱ ጋር ከ70 እስከ 80 በመቶ ይደራረባል። ከዚያ ኮምፒውተር አንድ ላይ ሰፍቶ አንድ ካርታ ያደርጋቸዋል። መነሳት ያለባቸው ፀሐይ ከፍ ባለችበት በእኩለ ቀን አካባቢ ነው። ሰማዩ ሙሉ በሙሉ የጠራ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ቢከደንም ሥራው ይሠራል። አስቸጋሪው የተቆራረጠ ደመና ነው። ጥላው ማሳው ላይ ሲያልፍ ካርታው ላይ የታመመ ሰብል መስሎ ይወጣል፤ ይህን ያላወቀ ሰው ባዶ ጥላ ፍለጋ ሙሉ ቀን ማሳ ሲያስስ ይውላል።

«ሳተላይት እያለ ድሮን ለምን?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። የአውሮፓው ሴንቲኔል-2 በየአምስት ቀኑ ያልፋል፤ ምስሉም ነፃ ነው። ነገር ግን ምስሉ ላይ ያለው አንዱ ነጥብ (ፒክስል) 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው። በሄክታር 250 ሺህ ተክል ባለበት ማሳ አንዷ ነጥብ የ2,500 ተክል አማካይ ናት ማለት ነው። ድሮን መቶ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ሲያነሳ የአንዱ ፒክስል ጎን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሳተላይቱ ደመናን አሳልፎ ማየት ስለማይችል በዝናብ ወራት ለሳምንታት ሊታወር ይችላል፤ ድሮን ከደመናው በታች ይበርራል። ስለዚህ ሰፊ እርሻ ያለው ሰው ሳተላይቱን በነፃ እያየ፣ አጠራጣሪ ነገር ሲያይ ብቻ ድሮን ቢያነሳ ብልህነት ይመስለኛል።

አኩሪ አተር እንደ በቆሎ አይደለም

ብዙው የድሮን ማስታወቂያ የተሠራው በቆሎን አስቦ ነው። በቆሎ ናይትሮጅን ሲያንሰው ይገረጣል፤ ካርታው የገረጣውን ቦታ ያሳያል፤ ገበሬው እዚያ ዩሪያ ይጨምራል። ጥያቄውም መልሱም ግልጽ ነው። አኩሪ አተር ግን ናይትሮጅኑን ራሱ ያመጣል፤ ሥሩ ላይ ባሉት ጉብታዎች ውስጥ የሚኖሩት ብራዲራይዞቢየም የተባሉት ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ይመግቡታል። ስለዚህ አኩሪ አተር ሲገረጣ «ማዳበሪያ ጨምር» የሚል ቀጥተኛ ትርጉም የለውም። ብረት አንሶት ሊሆን ይችላል። ፖታሲየም አንሶት የቅጠሉ ጠርዝ ቢጫ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ባክቴሪያው ሥሩን አልያዘው ይሆናል፣ ውሃ ተኝቶበት ሥሩ ታፍኖ ይሆናል፣ ወይም የሥር ትል እየበላው ይሆናል። ኤንዲቪአይ ለሁሉም የሚሰጠው ያንኑ ዝቅ ያለ ቁጥር ነው። የሙቀት መለኪያ ትኩሳት መኖሩን ያሳያል፤ ወባ ይሁን ታይፎይድ ግን አይለይም። ካርታውም እንዲሁ ነው።

ሁለተኛው ልዩነት አኩሪ አተር ጉዳትን የማካካስ ችሎታው ነው። ጎረቤቱ ያልበቀለ ተክል ቅርንጫፍ አብዝቶ ክፍተቱን ይሞላል። ከሚያወጣው አበባም ብዙውን ያረግፋል። ምርቱ የሚወሰነው በአብዛኛው ፍሬ ከሚቋጥርበት እስከ ፍሬው እስኪሞላ ባለው ጊዜ ነው፤ ይህም በአይዋ ከሐምሌ መጨረሻ እስከ ነሐሴ ድረስ ያለው መሆኑ ነው። በሰኔ ካርታ ላይ አስደንጋጭ የመሰለ ክፍተት በመስከረም ምርት ላይ ምንም ላያሳይ ይችላል።

ሦስተኛው የመለኪያው ገደብ ነው። የአኩሪ አተር ቅጠል ረድፎቹን ከሸፈነ በኋላ ቀዩ ብርሃን ከሞላ ጎደል ሁሉ ስለሚዋጥ ኤንዲቪአይ ከፍተኛው ጫፍ ላይ ደርሶ ይቆማል። ደህናውም በጣም ጥሩውም 0.9 አካባቢ ይሆናሉ፤ መለየት ያስቸግራል። የድንበሩ ብርሃን የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ቅጠሉ ሁሉንም አይውጠውም፣ ወደ ታች ዘልቆ ይገባል፤ ስለዚህ በእሱ የሚሠራው ኤንዲአርኢ የተባለው ስሌት ሰብሉ ከገጠመ በኋላም ልዩነት ያሳያል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ኤንዲቪአይ ብቻ የሚሰጥ አገልግሎት ለአኩሪ አተር ብዙም አይጠቅምም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ውሳኔዎቹ

የመጀመሪያው ውሳኔ ከተዘራ በሁለትና በሦስት ሳምንት ይመጣል። ከባድ ዝናብ መሬቱን ደፍኖት ቡቃያው ሳስቶ ከሆነ፣ ገበሬው እንደገና ይዝራ ወይስ ይተወው? በአይዋ የሚሰጠው የዩኒቨርሲቲ ምክር በኤከር 100 ሺህ ያህል ተክል (በሄክታር 250 ሺህ ገደማ) እስከ አጨዳ ከቆመ ሙሉ ምርት ሊሰጥ ይችላል የሚል ነው። ዘግይቶ መዝራት በራሱ ምርት ስለሚቀንስ፣ ድጋሚ መዝራት ብዙ ጊዜ ከጥቅሙ ኪሳራው ያመዝናል። ድሮኑ ዝቅ ብሎ ሲበርር ክፍተቱ የት የት እንዳለና ስንት ሄክታር እንደሚሆን ያሳያል። ቡቃያ ቆጠራው ግን ከበቆሎ ይከብዳል፤ የአኩሪ አተር ቡቃያ ተጠጋግቶ ስለሚበቅል የሁለት ቡቃያ ቅጠሎች ተነካክተው እንደ አንድ ይቆጠራሉ። ስለዚህ በእግር ገብቶ ጥቂት ቦታ ላይ በእጅ መቁጠርና የድሮኑን ቆጠራ በዚያ ማረም ግድ ነው። ከሁሉ የሚጠቅመው ውጤት «ሙሉውን አፍርሰህ ዝራ» የሚለው ሳይሆን «እነዚህን ቦታዎች ብቻ መሃል ለመሃል ሙላ» የሚለው ነው።

ሰኔ ላይ ሌላ ቢጫ ይመጣል። በሰሜን አይዋ፣ በሚኒሶታና በሰሜን ዳኮታ አፈሩ ኖራ የበዛበት ቦታ አለ። ብረት አፈሩ ውስጥ እያለ ተክሉ ሊወስደው አይችልም፤ አዲሱ ቅጠል ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ ቀሪው ይገረጣል። ከላይ ሲታይ ደግሞ አስገራሚ ነገር ይወጣል፦ በቢጫው ማሳ መሃል የትራክተር ጎማ የሄደበት ሁለት መስመር አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ጎማው አፈሩን ሲጠቀጥቀው እዚያ ያለው ናይትሬት ይቀንሳል፤ ናይትሬት የበዛበት ተክል ደግሞ ብረቱን መጠቀም ይበልጥ ያቅተዋል። ይህን የሚያውቅ ባለሙያ ካርታውን እንዳየ የብረት እጥረት መሆኑን ይጠረጥራል፤ የማያውቅ ደግሞ ለዓመታት ሌላ ምክንያት ሲፈልግ ይኖራል። ያን ዓመት የሚደረገው ጥቂት ነው። ትልቁ ውሳኔ በሚቀጥለው ዓመት በዚያ ቦታ እጥረቱን የሚችል ዝርያ መዝራት፣ ወይም ከዘሩ ጋር ተክሉ ሊወስደው የሚችል ብረት በረድፉ ውስጥ መጨመር ነው።

የነሐሴው ካርታ ይበልጥ የሚጠቅመው ለከርሞ መሆኑን አስረግጬ መናገር እፈልጋለሁ፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነውና። «ድንገተኛ ሞት» የሚባለው የአኩሪ አተር በሽታ ጥሩ ምሳሌ ነው። አምጪው ፊውዛሪየም የተባለ የአፈር ፈንገስ ነው። ሥሩን የሚይዘው ገና ቡቃያ ሳለ ሲሆን፣ ቅጠሉ ላይ የሚታየው ግን ፍሬ በሚቋጥርበት ጊዜ ነው፤ ሥሩ ላይ የሚያመነጨው መርዝ ወደ ላይ ወጥቶ በጅማቶቹ መካከል ያለውን ቅጠል ያደርቀዋል። ድሮኑ የተጎዱትን ቦታዎች ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ያኔ የሚረጭ መድኃኒት ግን የለም። ካርታው ተቀምጦ ለሚቀጥለው ጊዜ የሚመልሰው ጥያቄ ሌላ ነው፦ የትኛው ማሳ ላይ የሚቋቋም ዝርያ ይዘራ? ውድ የሆነው የዘር መድኃኒት የትኛው ላይ ብቻ ይገዛ? ውሃ የሚያቁረው የትኛው ቦታ ውሃው እንዲወጣ ይቆፈር?

ከሁሉ የከፋው ጠላት ደግሞ ጨርሶ አይታይም። የአኩሪ አተር የሥር ትል (ኔማቶድ) በሰሜን ካሮላይና እ.ኤ.አ. በ1954 ከተገኘ ወዲህ በአሜሪካ አኩሪ አተር አምራች አካባቢዎች ከሞላ ጎደል በሁሉም ተዳርሷል። ከላይ ተክሉ ጤነኛ መስሎ ምርቱ እስከ 30 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። ድሮን ትሉን አያየውም። ካርታው ላይ በየዓመቱ እየደጋገመ ደከም የሚል ቦታ ካለ ግን አፈር ከየት መወሰድ እንዳለበት ይጠቁማል፤ ላቦራቶሪው የትሉን እንቁላል ይቆጥራል። ውሳኔው ከዚያ ይመጣል። አብዛኞቹ ትሉን ይቋቋማሉ የሚባሉት የአሜሪካ ዝርያዎች መቋቋሙን የወረሱት ፒአይ 88788 ከተባለ አንድ የዝርያ ምንጭ ነው፤ ትሉ እየተላመደው ስለሆነ ፔኪንግ ወደተባለው ሌላ ምንጭ መቀየር ወይም ማሳውን ለበቆሎ መስጠት ያስፈልግ ይሆናል። ይህን ሁሉ የሚወስነው አፈሩ ነው፤ ድሮኑ ያደረገው የአካፋውን ቦታ ማሳየት ነው።

ወዲያው ውጤት የሚሰጠው ሥራ የአረም ነው። የአሉማ ዘመድ የሆኑት ፓልመር አማራንትና ዋተርሄምፕ ግላይፎሴት የተባለውን ፀረ-አረም ከተላመዱ ቆይተዋል፤ አንዷ ተክል በመቶ ሺህ የሚቆጠር ዘር ልትጥል ትችላለች። ፀረ-አረም የሚያጠቃቸው ከ10 ሴንቲ ሜትር ሳይበልጡ ነው። ከርጭት በኋላ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንድ በረራ ያመለጡት የት እንዳሉ ያሳያል። ሰብሉ ከገጠመ በኋላም ቢሆን ከላዩ ብቅ ያሉትን አይቶ፣ ዘር ሳይጥሉ በፊት ገብቶ በእጅ መንቀል ይቻላል። አምስት ተክል ዛሬ መንቀል ለሚመጡት ብዙ ዓመታት የሚቆጥበውን ገንዘብ ሳስብ፣ ከድሮን ሥራዎች ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል። እዚህ ላይ ኢንፍራሬድ እንኳ አያስፈልግም፤ ተራ የቀለም ካሜራ ይበቃል።

ከተባይ ጋር ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአኩሪ አተር ክሽክሽ ወደ አሜሪካ መግባቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ለርጭት የተቀመጠው መጠን በአንድ ተክል በአማካይ 250 ክሽክሽ ሲሆን ነው፤ ያውም በአብዛኛው ተክል ላይ ካለና እየጨመረ ከሄደ። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ክሽክሹ የበዛበት ሰብል የሚመልሰው ኢንፍራሬድ እንደሚቀንስ በድሮን አሳይተዋል። ያም ሆኖ ነፍሳቱ ያሉት ከቅጠሉ ሥር ነው፤ 250 መድረሱን የሚያውቀው ቅጠሉን ገልብጦ የቆጠረ ሰው ብቻ ነው። በካርታ ቀለም ብቻ ፀረ-ተባይ መርጨት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ክሽክሹን የሚበሉትን ጠቃሚ ነፍሳትም ይጨርሳል።

ድሮን ጨርሶ የማይጠበቅበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 ደቡብ አሜሪካ የደረሰው የእስያ ዋግ ብራዚልን ብዙ አስከፍሏታል። ዋጉ ከላይ በሚታይበት ሰዓት ፈንገሱ ተራብቶ ነፋስ ወስዶታል። ብራዚላውያን የሚከላከሉት አስቀድመው ነው፦ በሕግ በተወሰኑ ወራት ማሳ ላይ አንድም የአኩሪ አተር ተክል እንዳይቆም በማድረግና የታችኛውን ቅጠል በማጉያ መነጽር በመመርመር። እንዲህ ላለው በሽታ ካርታ እየጠበቁ መቀመጥ ሰብልን አሳልፎ መስጠት ነው።

ማሳው ላይ ፀረ-ፈንገስ ለመርጨት የወሰነ ገበሬ አንድ መስመር ሳይረጭ ቢተው መልካም ነው። ከላይ ሲታይ ልዩነቱ ይወጣል ወይም አይወጣም፤ ኮምባይነሩ ደግሞ በኩንታል ይነግረዋል። ጥቂት ዓመት እንዲህ ያደረገ ሰው በራሱ አፈር ላይ የቱ ርጭት እንደሚከፍል ያውቃል። ይህን ዕውቀት የሚሸጥለት ኩባንያ የለም።

የሚረጨው ድሮን

እስካሁን የተናገርኩት ስለሚያየው ድሮን ነው። የሚረጨው ሌላ ነው። በጃፓን የያማሃ ሰው አልባ ሄሊኮፕተሮች ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሩዝ ማሳ ሲረጩ ኖረዋል። ዛሬ በአሜሪካ የሚታዩት ባለ ብዙ ማራገቢያ ናቸው፤ ዲጄአይ አግራስ ቲ40 የሚባለው 40 ሊትር ይይዛል። ለአኩሪ አተር ትልቁ ጥቅሙ ጎማ የሌለው መሆኑ ነው። ፍሬ በሚቋጥርበት ጊዜ ከባድ መርጫ ማሽን ማሳ ሲገባ ረድፎችን ይረግጣል፤ የተረገጠውም አያገግምም። ከዝናብ በኋላ ጭቃው ማሽን በማያስገባበት ቀንም ድሮኑ ይሠራል።

ደካማው ጎኑ ውሃው ማነሱ ነው። የመሬቱ ማሽን በሄክታር 150 ሊትር ገደማ ሲረጭ ድሮኑ ከ20 እስከ 50 ሊትር ብቻ ነው የሚረጨው። ከላይኛው ቅጠል በታች መድረስ ያለበት መድኃኒት በዚህ ውሃ ላይደርስ ይችላል። ጠብታው ሲያንስ ነፋስ ወደ ጎረቤት ይወስደዋል። በመካከለኛው ምዕራብ ዲካምባ የተባለው ፀረ-አረም እ.ኤ.አ. በ2017 ከተረጨበት ማሳ ወጥቶ የጎረቤትን አኩሪ አተር ቅጠል እንደ ስኒ ያጨማደደበት ጊዜ ገና አልተረሳም፤ ያኔ የተረጨው በመሬት ማሽን ነበር፤ ከአየር ሲሆን ደግሞ የባሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በሌላ በኩል በአይዋ እየተለመደ የመጣ አንድ ሥራ አለ፤ አኩሪ አተሩ ቢጫ መሆን ሲጀምር ከላዩ ራይ የተባለ ብርድ የሚችል እህል ዘር መበተን። የሚረግፈው ቅጠል ዘሩን ይሸፍነዋል፤ ከአጨዳ በኋላ ባዶ ሊሆን የነበረው አፈር የብርዱን ወራት አረንጓዴ ለብሶ ያልፋል፣ አይታጠብም።

ሕጉም አብሮ ይታያል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2016 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ደንብ ለሥራ የሚያበርር ሰው ፈተና ወስዶ ፈቃድ ማግኘት አለበት፤ ያለ ልዩ ፈቃድ ከ122 ሜትር በላይ መውጣትና ድሮኑን ከዓይን ማራቅ አይፈቀድለትም። ለርጭት ተጨማሪ ፈቃድ አለ።

ፓዌና ጅማ ላይ

አኩሪ አተር በኢትዮጵያም ይበቅላል፤ በመተከል ፓዌ፣ በአሶሳ፣ በጅማና በወለጋ። የፓዌ ግብርና ምርምር ማዕከል በዚህ ሰብል ላይ ለዓመታት የሠራ ነው። በእነዚህ አካባቢዎች ሰብሉ የሚያድገው ክረምት ላይ ነው፤ ሰማዩ ለሳምንታት ስለሚከደን ሳተላይት ሰብሉን የሚያይበት ቀን ጥቂት ነው። ከደመና በታች የሚበርር ካሜራ ከአይዋ ይልቅ እዚህ የበለጠ ምክንያት አለው።

ጥያቄዎቹ ግን ይለያያሉ። የአንድ አርሶ አደር ማሳ ትንሽ ስለሆነ ከዳር እስከ ዳር በእግሩ ይዞረዋል፤ ለብቻው ድሮን ቢገዛ አያዋጣውም። ኩታ ገጠም በሆነ እርሻ ላይ፣ አንድ ዓይነት ዝርያ በአንድ ሰሞን ተዘርቶ ከሆነ፣ በዩኒየን ወይም በወረዳ ደረጃ አንድ ድሮንና አንድ የሠለጠነ ባለሙያ ለብዙ ቤተሰብ ሊያገለግሉ ይችላሉ። በምዕራቡ አካባቢ አፈሩ አሲዳማ ነው፤ እንደ አይዋ ኖራው የበዛበት ሳይሆን ኖራ የሚፈልግ ነው። እዚያ ቢጫ ሲታይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ባክቴሪያው ሥሩን አለመያዙ ነው፤ ዘሩ ባክቴሪያውን በያዘው ሕያው ማዳበሪያ ሳይታሽ ተዘርቶ፣ ወይም ታሽቶ ፀሐይ ላይ ቆይቶ ባክቴሪያው ሞቶ ሊሆን ይችላል።

ባለሙያው ከድሮኑ ጋር አካፋና ቢላ ይያዝ። ሰብሉ ሲያብብ ካርታው ላይ አረንጓዴ ከሆነው ቦታ አምስት፣ ከገረጣው ቦታ አምስት ተክል ሥሩ ሳይበጠስ ነቅሎ አፈሩን በውሃ ያጥባል። ጉብታዎቹን በቢላ ሲሰነጥቃቸው ውስጣቸው ቀላ ያለ ከሆነ ባክቴሪያው እየሠራ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ፣ ወይም ጭራሹኑ ጉብታ ከሌለ፣ ችግሩ ተገኝቷል። ጉብታው ደህና ሆኖ ተክሉ ከገረጣ ደግሞ የዚያን ቦታ አፈር ለአሲድነት ምርመራ መላክ ይገባል። ከዚህ ሥራ የሚገኘው ውሳኔ ኖራ የት እንደሚበተንና በሚቀጥለው ዘር ሕያው ማዳበሪያው እንዴት እንደሚያዝ ነው።

ድሮን ወደ አገር ለማስገባትም ለማብረርም የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ያለ ፈቃድ የመጣ ዕቃ ጉምሩክ ላይ ይያዛል። ከወረቀቱ ያላነሰ የሚያስፈልግ ሌላ ነገር አለ። ባለፉት ዓመታት ጦርነት ያየ ሕዝብ የድሮን ድምፅ ሲሰማ የሚያስበው እርሻ አይደለም፤ ልጆች ይሸሻሉ፣ እናቶች ይደነግጣሉ። ስለዚህ ከመብረሩ በፊት ባለሙያው ቀበሌውን ሊያሳውቅ፣ ሽማግሌዎችን ሊያነጋግር፣ ቀኑንና ሰዓቱን አስቀድሞ ሊያስነግር ይገባል። ድሮኑን መሬት ላይ አስቀምጦ ለሕዝቡ ያሳይ፣ ያነሳውንም ካርታ መጀመሪያ ለማሳው ባለቤቶች ያካፍል። የትኛው ጥግ ውሃ እንደሚያቁርና የትኛው ከዓመት ዓመት እንደሚደክም እነሱ ከልጅነት ጀምሮ ያውቃሉ፤ ካርታውን ከእነሱ ጋር ሆኖ ያነበበ ባለሙያ የሚቆፍረውን ቦታ በፍጥነት ያገኛል።